ወርቁ ብቻውን አያስፈርድም

በግንቦት 2024 ማንሃታን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ከሕዝብ መካከል ተመርጠው በጁሪነት የተቀመጡ ሰዎች በላስቲክ የታሸገ ጥፍጥፍ ወርቅ ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበሉ ነበር። ወርቁ የወጣው ከኒው ጀርሲው ሴናተር ከሮበርት ሜኔንዴዝ ቤት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ 2022፣ የኤፍቢአይ መርማሪዎች ኢንግልዉድ ክሊፍስ የሚገኘውን ቤት ሲፈትሹ ከወርቁ ሌላ ከ480 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አገኙ፤ በፖስታ ታሽጎ፣ በኮት ኪስ ተከትቶ፣ በቡትስ ጫማ ተወሽቆ፣ በካዝና ተቆልፎ። ፍተሻውን የመራው መርማሪ እንደመሰከረው፣ ገንዘቡ ከመብዛቱ የተነሣ መቁጠሪያ ማሽን የያዙ ባልደረቦቹን መጥራት ነበረበት። (በዚህ ጽሑፍ የኢትዮጵያ ሕጎች ከወጡባቸው ዓመታት በስተቀር ሌሎቹ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ቀጥሎ የሴናተሩ ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሣ። ወርቅ አልተገኘም አላለም። ገንዘቡን መርማሪዎቹ ራሳቸው አስቀመጡት የሚል ክርክርም አላነሣም። የጠየቀው ስለ ቁም ሣጥን ነው። የተቆለፈው ቁም ሣጥን የባል ነው የሚስት? ቁልፉ ማን እጅ ነበር? በፎቶግራፉ የሚታየው የወንድ ኮት የተሰቀለው ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ?

ያን ሁሉ ወርቅና ብር ያየ ሰው የቁም ሣጥን ጥያቄ ጊዜ ማባከን ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን በአሜሪካ የፌዴራል ጉቦ ክስ መከላከያ የሚቆመው እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ላይ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ገንዘብ መገኘቱን ብቻ አይደለም። ክፍል 201 የሚባለው ድንጋጌ አንድን የፌዴራል ባለሥልጣን በጉቦ ለመቅጣት ዋጋ ያለው ነገር መቀበሉን ወይም መጠየቁን፣ ይህንንም ያደረገው ለአንድ የሥልጣን ተግባር በምላሽነት መሆኑን፣ ከዚህም በላይ በተንኮል ልብ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ዐቃቤ ሕግን ያስገድዳል። ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ነው። መቀበሉን ማሳየት አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ባንክ አለ፣ ካሜራ አለ፣ የጣት አሻራ አለ። የሚከብደው ለምን እንደተቀበለ ማሳየት ነው። ጎበዝ ጠበቃም ወርቁን ትቶ «ለምን» የሚለው ላይ ይተክላል።

ያ ቤት የተፈተሸው አዲስ አበባ ውስጥ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 419፣ በኋላም የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረት መያዝን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርገውታል። ከደመወዙ ጋር የማይመጣጠን ሀብት የተገኘበት ሹም ከየት እንዳመጣው ማስረዳት የራሱ ፈንታ ይሆናል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ይህን የመሰለ ወንጀል የለም። ሸክሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዐቃቤ ሕግ ጫንቃ ላይ ነው፤ ያውም ምክንያታዊ ጥርጣሬ እስከማይቀር። ዋስትናውም እንዲሁ ይለያያል። በእኛ ሕግ ከባድ ቅጣት በሚያስከትል የሙስና ክስ ዋስትና ይከለከላል፤ ሜኔንዴዝ ግን በ100 ሺህ ዶላር ዋስ ተለቅቆ፣ በሴናት ድምፅ እየሰጠ ነው ጉዳዩን የተከታተለው።

ይህ መዝገብ ለእኛ ከሩቅ የሚታይ የአሜሪካ ወሬ ያልሆነበት ሌላ ምክንያትም አለ። በመስከረም 2023 ይፋ በሆነው የክስ ጽሑፍ ውስጥ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተጠቅሷል። በ2020 መጀመሪያ ዋሽንግተን በኢትዮጵያ፣ በግብፅና በሱዳን መካከል አደራዳሪ ሆና ተቀምጣ ነበር፤ ኢትዮጵያ በየካቲት መጨረሻ ከተጠራው ስብሰባ ቀረች። በሚያዝያ ወር በሴናቱ የውጭ ግንኙነት ኮሚቴ የዴሞክራቶቹ አንጋፋ አባል የነበረው ሜኔንዴዝ ለገንዘብና ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ደብዳቤ ጻፈ፤ ድርድሩ መቆሙ እንዳሳሰበውና የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የበለጠ እንዲገባበት የሚጠይቅ። ዐቃቤ ሕግ ይህን ደብዳቤ ለግብፅ ጥቅም ተደረጉ ካላቸው ነገሮች ጋር አሰለፈው። ሌሎቹ የባሱ ነበሩ። ክሱ እንደሚለው ሴናተሩ ተይዞ የነበረ 300 ሚሊዮን ዶላር እርዳታ እንዲለቀቅ ሌሎች ሴናተሮችን የሚያግባባ ደብዳቤ በግብፅ ስም በድብቅ አርቅቋል። ዋኤል ሃና የተባለ ግብፃዊ አሜሪካዊ ነጋዴ ወደ ግብፅ ለሚላክ ሥጋ የሐላል ማረጋገጫ የመስጠቱን ሥራ ብቻውን ሲይዝ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተቃውሞውን እንዲተው ደውሎ ጠይቋል።

ስሙን ብዙዎቻችን ያወቅነው በኋላ፣ በኅዳር 2021 በኢትዮጵያ ጉዳይ ባቀረበው ኤስ 3199 ረቂቅ ሕግ ነው። በዋሽንግተን ጎዳናዎች ወገኖቻችን ተቃውመው የተሰለፉበት፣ ለየሴናተሩ ቢሮ ስልክ የደወሉበት ረቂቅ ነው። የጥፋተኛነቱን ዜና ስንሰማ ደስ ያለን ብዙ ነን፤ አልደብቀውም። ነገር ግን ያ ረቂቅ በክሱ ውስጥ የለም፤ በጉቦ ተገዝቶ ቀረበ ያለ ዐቃቤ ሕግም የለም። የግድቡ ደብዳቤም ቢሆን ብቻውን ወንጀል አይደለም። ስለ ውጭ አገር ድርድር ደብዳቤ መጻፍ የሴናተር የዕለት ሥራ ነው፤ የእኛው ሰዎችም ሴናተሮችን ደብዳቤ ጻፉልን ብለው ይለምናሉ፣ ለምርጫ ዘመቻቸውም ገንዘብ ያዋጣሉ። ይህ ሁሉ ነገ ወንጀል እንዳይባል የሚጠብቀን ሜኔንዴዝ የተከራከረበት ያው ሕግ ነው። ስለዚህ መከላከያውን በጥሞና ማየት ለእሱ ማዘን አይደለም።

* * *

ሜኔንዴዝ በጉቦ ሲከሰስ ይህ ሁለተኛው ነበር። በ2017 ኒውአርክ ላይ ለችሎት የቀረበው የመጀመሪያው ክስ ከአንድ የፍሎሪዳ የዓይን ሐኪም ጋር የተያያዘ ነበር፤ በግል አውሮፕላን ጉዞ፣ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዕረፍት፣ በፓሪስ ሆቴል፣ ለምርጫ በተዋጣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ሴናተሩ በምላሹ ሐኪሙ ከመንግሥት የጤና መድን ጋር በነበረው ክርክር ባለሥልጣናትን አነጋግሮለታል። የመከላከያው መልስ አንድ ነበር፤ ወዳጅነት። ሁለቱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሠርግና ኀዘን የተካፈሉ ወንድማማቾች ናቸው፣ ወዳጅ ለወዳጁ ይሰጣል፣ ይህን ስጠኝ ያንን ላድርግልህ የተባባሉበት ቃል የለም። ጁሪው መስማማት አቃተው። ከአባላቱ አንዱ በኋላ እንደተናገረው አሥሩ ነጻ ወደማለት ያዘነበሉ ነበሩ። በጥር 2018 መንግሥት ክሱን ተወው።

ያ መከላከያ እንዲያ የጠነከረው ከሪችመንድ በመጣ ፍርድ ምክንያት ነው። ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ከ2010 እስከ 2014 መጀመሪያ ገዥ የነበረው ሮበርት ማክዶኔል ለሪፐብሊካኖች የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሊሆን ይችላል ሲባልለት የነበረ ሰው ነው። ዕዳ ነበረበት። ጆኒ ዊሊያምስ የተባለ ነጋዴ ቀረበው። የዊሊያምስ ኩባንያ በትምባሆ ውስጥ ከሚገኝ ንጥረ ነገር አናታብሎክ የተባለ የጤና እንክብል ይሠራ ነበር፤ የሚፈልገውም የቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እንክብሉን እንዲያጠኑለት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ስም ከገባበት ገበያው ይከፈታል። ከዚያ ስጦታው መጣ። ለገዥው ልጅ ሠርግ ምግብ 15 ሺህ ዶላር። ለሚስቱ በኒው ዮርክ ሱቆች ወደ 20 ሺህ ዶላር የሚጠጋ ልብስ። ለእሱ ሮሌክስ ሰዓት። በዕረፍት ጊዜ የሚነዱት ፌራሪ። በብድር ስም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር። ሲደመር ከ175 ሺህ ዶላር ያልፋል። በዚያን ጊዜ የቨርጂኒያ ሕግ ባለሥልጣን ለሚቀበለው ስጦታ ወሰን አልነበረውም።

ገዥው ምን አደረገ? ዊሊያምስን ከጤና ባለሥልጣናት ጋር አገናኘ። በገዥው መኖሪያ ቤት እንክብሉን ማስተዋወቂያ የምሳ ግብዣ አደረገ፤ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ተጠሩ። ለሠራተኞቹ ስለ እንክብሉ አነሣላቸው። ጥናቱ ግን አልተካሄደም፤ ገዥው የፈረመው ትእዛዝ፣ የመደበው በጀት የለም።

ሥልጣን ከለቀቀ ከአሥር ቀን በኋላ ከሚስቱ ጋር ተከሰሰ። በወቅቱ እንደተዘገበው አንድ ክስ ብቻ እንዲያምንና ሚስቱ እንዳትከሰስ ሐሳብ ቀርቦለት አልቀበልም ብሎ ነበር። በችሎቱ ጠበቆቹ ሁለት መንገድ ያዙ። አንደኛው ትዳሩ ፈርሷል የሚል ነው፤ የማይነጋገሩ ባልና ሚስት እንዴት ተማክረው ወንጀል ይሠራሉ? ገዥው ራሱ በምስክር ወንበር ተቀምጦ የትዳሩን ገመና ለአገር ተናገረ፤ ችሎቱ እስኪያልቅም ከቤቱ ወጥቶ ከአንድ ቄስ ዘንድ አደረ። ለማንበብ የሚያሳፍር ነበር፣ ለእሱም ምንም አልጠቀመውም። በመስከረም 2014 ጁሪው በ11 ክሶች ጥፋተኛ ሲለው ባልና ሚስቱ አለቀሱ። ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ሁለተኛው መንገድ ግን እስከ ላይ ሄደ። ስብሰባ ማመቻቸትና ግብዣ ማድረግ የሥልጣን ተግባር ነው ወይ? በሰኔ 2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በአንድ ዳኛ ሞት ምክንያት በስምንት ዳኞች፣ በሙሉ ድምፅ «አይደለም» አለ። የፍርዱ ጸሐፊ ዋና ዳኛ ጆን ሮበርትስ የተሰጠው ነገር ደስ የማይል፣ ምናልባትም ከዚያ የከፋ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ሹም ጉዳይ ይዞ የመጣን ሰው ከሚመለከተው ክፍል ጋር ማገናኘቱ የሥራው ዋና አካል ነው፤ ያ ወንጀል ከሆነ ለዘመቻ ያዋጣ ሰው ሁሉ ስልክ ባስደወለ ቁጥር ሹሙም እሱም ተከሳሽ ይሆናሉ። ወንጀሉ እንዲቆም ሹሙ በተወሰነ ጉዳይ ላይ ሥልጣኑን ራሱ ተጠቅሞ መወሰን፣ ወይም ሌላው ሹም እንዲወስን መጫን ወይም ማማከር፣ ወይም ይህን ለማድረግ ቃል መግባት አለበት። ፍርዱ ተሻረ፤ መስከረም ላይ ክሱ ተቋረጠ።

ያ ፍርድ ሌሎችንም አስፈታ። ማቀዝቀዣው ውስጥ 90 ሺህ ዶላር የተገኘበትና 13 ዓመት የተፈረደበት የሉዊዚያናው የምክር ቤት አባል ዊሊያም ጄፈርሰን በ2017 በዚሁ ምክንያት ከአብዛኞቹ ክሶች ነጻ ሆኖ ወጣ። የኒው ዮርኩ አፈ ጉባኤ ሼልደን ሲልቨርም ፍርዱ ተሽሮለት፣ እንደገና ቀርቦ ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባለ።

የማክዶኔልን ፍርድ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሮበርትስ የፈራው ነገር እውነተኛ ነው። በሰኔ 2024 የመጣውን ግን አልቀበለውም። ጄምስ ስናይደር በኢንዲያና ክፍለ ግዛት የፖርቴጅ ከተማ ከንቲባ ነበር። ከተማዋ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነ የቆሻሻ መኪና ግዢ ለአንድ የጭነት መኪና ሻጭ ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ሻጩ ለከንቲባው 13 ሺህ ዶላር ከፈለው። ከንቲባው የምክር አገልግሎት ዋጋ ነው አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ክፍል 666 የሚባለው፣ የክፍለ ግዛትና የከተማ ሹማምንትን የሚመለከተው ሕግ ከሥራው በኋላ የሚሰጥን የምስጋና ስጦታ አይከለክልም ሲል ወሰነ፤ አስቀድሞ የተገባ ቃል ካልተረጋገጠ ጉዳዩ የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። እኔ የማውቀው የጉዳይ አስፈጻሚ ዓለም እንዲህ አይሠራም። ብልጥ የሆነ ሰው ቃል አይጠይቅም፤ እንደሚመጣ ያውቃል። ተቃዋሚዋ ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ይህን አይታለች ብዬ አምናለሁ።

* * *

ይህ ሁሉ በር ክፍት ሆኖ ሳለ ሜኔንዴዝ በ2024 ለምን ወደቀ?

አንደኛው ምክንያት ምስክሩ ነው። ሆሴ ዩሪቤ የተባለ ነጋዴ ጥፋቱን አምኖ ከመንግሥት ጋር ለመተባበር ተስማምቶ ነበር። እንደመሰከረው ከ60 ሺህ ዶላር በላይ የሚያወጣ መርሴዲስ መኪና ለናዲን፣ በወቅቱ የሴናተሩ ፍቅረኛ በኋላም ሚስቱ ለሆነችው ሴት፣ የገዛላት በኒው ጀርሲ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በወዳጆቹ ላይ የተከፈተ ምርመራ እንዲቆምለት ነው። በ2019 አንድ ምሽት በናዲን ቤት ጓሮ ከሴናተሩ ጋር ተቀምጠው ሳለ ሴናተሩ ትንሽ ደወል አንሥቶ ደወለ። ናዲን ወረቀት ይዛ መጣች። ዩሪቤ የሚያሳስቡትን ስሞች ጻፈ፤ ሴናተሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። የኒው ጀርሲው ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረው ጉርቢር ግሬዋልም ቀርቦ ሴናተሩ ስለ ምርመራው ሊያነጋግረው እንደሞከረ፣ እሱ ግን ፈቃደኛ እንዳልሆነ ተናገረ።

የተባባሪ ምስክር ሁልጊዜ የመከላከያው ሲሳይ ነው። ቅጣት እንዲቀልለት የሚናገር ሰው ነው፤ ዩሪቤ ደግሞ ከዚህም በፊት በማጭበርበር የተቀጣ ነበር። ጠበቆቹ በዚህ ላይ በረቱ፤ ስለ መኪናው ክፍያ ሴናተሩና እሱ ፊት ለፊት እንዳልተነጋገሩም አጥብቀው ያዙ። ወደ ናዲን የሚያመራውን ሁሉ በናዲን ላይ አቆሙት። ቤቱ የሷ፣ ቁም ሣጥኑ የሷ፣ ወርቁ ከቤተሰቧ። ስለ ጥሬ ገንዘቡ የሴናተሩ እኅት መሰከረች፤ ከኩባ ተሰድዶ የመጣ ቤተሰብ በባንክ አያምንም፣ ብር በቤት መደበቅ ያደጉበት ነው አለች። ይህን ስሰማ ከደርግ ዘመን ውርስ በኋላ ወርቃቸውን በትራስ ውስጥ ያስቀመጡ የእኛ እናቶች ትዝ አሉኝ፤ ሐሰት ነው ብዬ ለመናቅ አልቻልኩም። ነገር ግን ከፖስታዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ አብሮት የተከሰሰው የግንባታ ነጋዴ የፍሬድ ዳይቤስ የጣት አሻራና ዲኤንኤ ተገኝቷል። ከኩባ የመጣ ልማድ የሌላ ሰው አሻራ በፖስታ ላይ አያኖርም። ሴናተሩ ከግብፅ ጉዞ በተመለሰ ማግስት የአንድ ኪሎ ወርቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ በኢንተርኔት መፈለጉም ለጁሪው ቀረበ።

ሌላው ትልቅ መከላከያ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል በምክር ቤት ለተናገረውና ለሠራው በሌላ ቦታ እንዳይጠየቅ ይጠብቀዋል፤ የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ተመሳሳይ ከለላ ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ዳኛው ሲድኒ ስታይን ስለ ግብፅ ወታደራዊ እርዳታ የተወሰኑ ማስረጃዎችን ለጁሪው እንዳይቀርቡ ከለከሉ። ፍርዱ ካለፈ ከወራት በኋላ፣ በኅዳር 2024፣ ዐቃብያነ ሕጉ ራሳቸው አንድ ነገር አሳወቁ፤ ጁሪው ሲመክር በተሰጠው ላፕቶፕ ውስጥ መቆረጥ የነበረባቸው ዘጠኝ ሰነዶች ሳይቆረጡ ገብተዋል። ጠበቆቹ አዲስ ችሎት ጠየቁ። ዳኛው ጁሪዎቹ ሰነዶቹን የማየታቸው ዕድል እጅግ ጠባብ ነው ብለው አልፈቀዱም። ዐቃብያነ ሕጉ ስሕተታቸውን ገልጠው መናገራቸው ቀላል ነገር አይደለም። በ2008 የአላስካው ሴናተር ቴድ ስቲቨንስ በሀብት ማሳወቂያ ቅጹ ላይ ሐሰት በማስፈር ጥፋተኛ ተብሎ፣ በዚያው ወር ገደማ ምርጫ ተሸንፎ፣ በኋላ ዐቃብያነ ሕጉ ለእሱ የሚጠቅም ማስረጃ ደብቀው ስለተገኙ በሚያዝያ 2009 ፍርዱ ተሰርዟል። የሴናት ወንበሩ ግን አልተመለሰለትም።

በሐምሌ 2024 ጁሪው ሜኔንዴዝን በ16ቱም ክሶች ጥፋተኛ አለው። በጥር 2025 የ11 ዓመት እስራት ተፈረደበት፤ በሰኔ እስር ቤት ገባ፤ ይግባኝ ጠይቋል። ናዲን በሕመም ምክንያት ለብቻዋ ቀርባ እሷም ጥፋተኛ ተባለች።

* * *

ስለ ሴናተርና ስለ ገዥ ይህን ያህል ከተባለ፣ ስለ ራሳችን ሰዎች ደግሞ መነገር አለበት።

በመስከረም 2009 ኤፍቢአይ በዋሽንግተን ዲሲ ቴድ ሎዛን ያዘ። ሎዛ የከተማው ምክር ቤት አባል የጂም ግራሃም ቢሮ ኃላፊ ነበር፤ ግራሃም ዩ ስትሪትንና አዳምስ ሞርጋንን፣ የእኛ ምግብ ቤቶች የተሰለፉበትን ሰፈር፣ ይወክል ነበር፤ እሱ ራሱ አልተከሰሰም። ብዙም ሳይቆይ ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች በታክሲ ፈቃድ ጉቦ ተከሰሱ። ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች፣ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ክሱ እንደሚለው ለከተማው የታክሲ ኮሚሽን ሊቀመንበር ለሊዮን ስዌይን ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ሰጥተዋል። ስዌይን ግን ገና ሲጠየቅ ለፖሊስ ነግሮ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህል ከኤፍቢአይ ጋር እየሠራ ገንዘቡን ተቀብሎ ድምፁን ይቀርጽ ነበር።

ያን ጊዜ ማኅበረሰቡ ውስጥ የነበረው ድንጋጤና ኀፍረት ከባድ ነበር። የከተማው ታክሲ በ2008 ከዞን ታሪፍ ወደ ሜትር ተቀይሯል፤ የፈቃድ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ለሥራ ጉዳይ በደላላ መሄድ የለመደ ነው። የሕጉ ጥያቄም እዚህ ላይ ይጠብቃል። በሤራ ክስ ሁሉም አንድ ላይ ይሰለፋሉ፣ ግን እያንዳንዱ የሚጠየቀው ባወቀው ልክ ነው። ለደላላ የከፈለ ሰው ገንዘቡ ወደ ሹም ኪስ እንደሚሄድ ያውቅ ነበር ወይስ የፈቃድ ማስጨረሻ መስሎት ነው? ለዚህ መልስ ጠበቃው የስልክ ቅጂውን በአማርኛ፣ ቃል በቃል፣ ከባህሉ ጋር መስማት አለበት። የተሳሳተ ትርጉም ሰው ያሳስራል። በፌዴራል ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ማግኘት በ1978 በወጣ ሕግ የተረጋገጠ መብት ነው፤ ከመንግሥት የቀረበውን የቅጂ ትርጉም በራሱ ባለሙያ ማስመርመር ደግሞ የመከላከያው ድርሻ ነው።

መንግሥት ራሱ አታለለኝ የሚል መከላከያም አለ፤ በሐበሻ አፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ይህ ነው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1992 የጃኮብሰን ፍርድ እንደሚለው ግን መንግሥት ሰውን ወደ ወንጀል መግፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ ከዚያ በፊት ለወንጀሉ ዝግጁ እንደነበረ ካረጋገጠ መከላከያው ይወድቃል። ሹሙ ሳይጠይቅ ገንዘብ ይዘውለት ከሄዱ ይህ በር ዝግ ነው።

ሎዛ በ2011 ጥፋቱን አመነ። ያመነው ግን በጉቦ አይደለም። ከታክሲ ጉዳይ ጋር ተያይዞ ሕገ ወጥ የምስጋና ስጦታ፣ 1,500 ዶላር፣ በመቀበል ነው፤ ስምንት ወር ተፈረደበት። ጉቦ እስከ 15 ዓመት ሲያስቀጣ፣ በክፍል 201 የምስጋና ስጦታ እስከ ሁለት ዓመት ነው። ዲሲ የፌዴራል ከተማ በመሆኗ ሹማምንቷ በዚህ ሕግ ሥር ናቸው። ፖቶማክን ተሻግሮ አርሊንግተን ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ከስናይደር ፍርድ በኋላ፣ ያው ስጦታ በፌዴራሉ ክፍል 666 አያስከስስም። የአንድ ጠበቃ ሥራ የሚለካው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ደንበኛውን ከየትኛው አንቀጽ ወደ የትኛው እንዳወረደው።

በፌዴራል ፍርድ ቤት ከመቶ ተከሳሽ ሁለት ያህሉ ብቻ ናቸው ወደ ሙሉ ችሎት የሚሄዱት፤ ዘጠና ያህሉ ጥፋታቸውን ያምናሉ። የሜኔንዴዝ ዓይነት የዘጠኝ ሳምንት ክርክር የሀብታም ዕድል ነው። ለታክሲ ነጂው ጉዳዩ የሚያልቀው በአንድ ጠባብ ክፍል፣ በአንድ የስምምነት ወረቀት ላይ ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ አስቀድሞ፣ ጠዋት በሩን ያንኳኩት መርማሪዎች ሳሎን ተቀምጠው ሻይ ሲቀርብላቸው። እንግዳ ማክበር ባህላችን ነው፤ ነገር ግን ለፌዴራል መርማሪ የተነገረ ሐሰት ራሱ እስከ አምስት ዓመት ያስቀጣል፣ ጉቦው ባይረጋገጥም። ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም ማለት ወንጀል አይደለም፣ ጥፋተኛነትንም አያሳይም። ገንዘብ የሌለው ሰው ፍርድ ቤቱ የሚመድብለት ጠበቃ ያገኛል፤ ከእነዚህ ጠበቆች ብዙዎቹ በፌዴራል ሕግ የበቁ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ከፍርዱ በኋላ ያለው ነው። ሆሴ ፓዲያ ከሆንዱራስ የመጣ፣ በሕጋዊ ነዋሪነት ከ40 ዓመት በላይ አሜሪካ የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። በአደንዛዥ ዕፅ ማጓጓዝ ተከስሶ ጠበቃው፣ ይህን ያህል ዘመን ስለኖርክ ከአገር ስለመባረር አታስብ አለው። አመነ፤ ጥፋቱን ተቀበለ፤ የመባረር ጉዳይ ተከፈተበት። በመጋቢት 2010፣ የዲሲዎቹ ታክሲ ነጂዎች ከተከሰሱ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ያልሆነ ደንበኛውን ጥፋት ማመን ከአገር ሊያስባርረው እንደሚችል የመንገር ግዴታ አለበት ብሎ ፈረደ። ሹምን በጉቦ መደለል ደግሞ በኢሚግሬሽን ሕግ የሞራል ዝቅጠት ከሚያሳዩ ወንጀሎች የሚመደብ ነው፤ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው እስራቱን ጨርሶ ሊሰናበት በተዘጋጀበት ቀን ወደ ሌላ ማቆያ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ ፊርማ ከመደረጉ በፊት ተከሳሹ ጠበቃውን ይህን በግልጽ መጠየቅ፣ ጠበቃው መልሱን ካላወቀ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር እንዲመክር ማሳሰብ ይችላል። ከ2013 መጨረሻ ወዲህም የፌዴራሉ ዳኛ ራሱ፣ የማመኛ ቃሉን ከመቀበሉ በፊት፣ ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአገር ሊባረር፣ ዜግነት ሊከለከልና ዳግመኛ እንዳይገባ ሊታገድ እንደሚችል በችሎት እንዲነግረው ሥነ ሥርዓቱ ያስገድዳል፤ ያን ጊዜ አስተርጓሚው የሚናገረውን አንዲት ቃል ያልገባው ተከሳሽ እንዲደገምለት እጁን ማንሣት ይችላል፣ ዳኛውም ይጠብቁታል።